ፋሲል ግንብን ማነው የሰራው? ፖርቹጋል ወይስ ህንድ?

ጃንተከል ሰፈር፦
ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ። ትላንት ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ይዤ ግቢ ገብቼ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ግንቡን ቀና ብሎ አየና "ፖርቹጋሎች ናቸው አይደል የሰሩት" አለኝ፣ እኔም ከልጅነቴ እንደዛ ስሰማ ስላደግኩ አዎ አልኩት። አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ቆመው ሲሰሙ ኖሮ "ህንድ ነው ልጄ" ብለውኝ እየሳቁ አለፉ። እዚሁ ግቢው ስር አድጌ አለማወቄ አሳፈረኝ፣ የምታውቁ እስኪ በሉኝ

ኖራ በጥባጩ፦
ሽማግሌው ልክ ናቸው። ሀሰን አል-ሃይሚ የሚባል የየመን ኢማም መልክተኛ በ1648 (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጎንደር ፋሲል ዘንድ መጥቶ ቤተመንግስቱን አይቶ ጉድ ብሎ ጽፏል፣ የሰራውም ህንዳዊ ነው ይላል። ፋሲል በህይወት እያለ ማለት ነው እንግዲህ፣ ከሩቅ የተሰማ ወሬ አይደለም። ደሞ ፋሲል በ1632 ነግሶ ብዙም ሳይቆይ ጀስዊቶቹን፣ ከፖርቹጋል በኩል የመጡትን የካቶሊክ ሚሲዮኖች ማለቴ ነው፣ ከሀገር አስወጣ፣ ጎንደርን መቀመጫው ያደረጋት በ1636 ነው፣ ያባረራቸውን ሰዎች ኑ ቤት ስሩልኝ ይላል እንዴ ሃሃሃ

የአዘዞው፦
ቆይ ግን ወንድሜ፣ ጀስዊት ሌላ ፖርቹጋል ሌላ። በ1541 ግራኝን ሊወጉ ከፖርቹጋሉ ጦር መሪ ከክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ጋር የመጡት ወታደሮች እኮ እዚሁ አግብተው ወልደው ቀርተዋል። እነዛን ክብ ማማዎች አይተህ የፈረንጅ እጅ የለበትም ካልክ አላምንህም

ኖራ በጥባጩ፦
የለበትም አላልኩም፣ የቅርጹን ነገር ተከራከር። እኔ የምለው ግንበኛውን ነው። በፋሲል አባት በሱስንዮስ ጊዜ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ያሳየው ከህንድ የመጣ ሰው እንደሆነ የጻፉት እራሳቸው ጀስዊቶቹ ናቸው፣ ከዛ በፊት ድንጋዩን የሚያያይዙት በጭቃ ነበር። ጭቃ ይዘህ ያን የሚያህል ፎቅ ታቆማለህ? ጎንደር ዙሪያ ያለው የደንቀዝ ግንብም በሱስንዮስ ዜና መዋዕል ላይ የሰራው አብደል ከሪም የሚባል ህንዳዊ ነው። የፋሲልን የሰራው ያው ሰውዬ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ እዛ ድረስ አልሄድም

የወለቃ መንገድ፦
ሁላችሁም ከውጭ የመጣውን ብቻ ነው የምትቆጥሩት። ድንጋዩን ማን ጠረበው? ቤተ እስራኤሎች በነገስታቱ ጊዜ በግንበኝነትና በአንጥረኝነት የታወቁ ነበሩ፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ስለግንበኝነታቸው ጽፏል። አያቴ ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤሎች ጎረቤቶቿ ስለነበሩ "ግቢውን የነሱ አባቶች ናቸው ያቆሙት" ትል ነበር፣ ህንድ የሚባል ነገር ከአፏ ሰምቼ አላውቅም

ጃንተከል ሰፈር፦
ኧረ ተባረኩ። የአክስቴ ልጅ ማታ ነው የሚበረው፣ ሳይሳፈር ልደውልና ልናዘዝ። የደንቀዙን ግን በአይኔ ካላየሁ አይሆንም፣ ከዝናብ በፊት የሚሄድ ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ