«ከእኛ ጋር ታከብራለች እኮ»

የሳሪሷ፦
ትናንት ሚያዝያ 23 ነበር፣ የሠራተኞች ቀን። እኔም ሠራተኛ ነኝና አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሬዲዮ እሰማለሁ። አንዲት ሴትዮ ደወለች። «ሠራተኛዬ ለፋሲካ አገሬ ካልሄድኩ ብላ አኩርፋ ይኸው እስካሁን ፊቷ አልተፈታም። ምን ጎድሎባት ነው? ከእኛ ጋር ታከብራለች እኮ!» አለች። ጋዜጠኛው ሳቀና «ቤተሰብ ሆናለቻ» ብሎ ዘፈን ለቀቀ።

ከእኛ ጋር ታከብራለች። እስቲ ልጠይቅ። ዶሮውን ማን በለተው? ያንን ሁሉ ሽንኩርት ማን ላጠው፣ ማን አቁላላው? ቅዳሜ ሌሊት ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ድስቱን የሚጠብቀው ማነው? 9 ሰዓት ላይ ልትፈስኩ ስትመለሱ በር የሚከፍተውስ? እሑድ ዘመድ ሲግተለተል ሰሃን የሚያጥበውስ? ይሄ ማክበር ከሆነ እኔም ቢሮዬ ውስጥ በየቀኑ አከብራለሁ ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ተጀመረ ደግሞ። ተጋድሞ ሬዲዮ መስማት ለታደለ ነው እህቴ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ትናንት ተረኛ ነበርኩ። የሠራተኞች ቀን እኔንም አያውቀኝም።

ሠራተኛዬ የወላይታ ልጅ ነበረች። ባለፈው መስከረም ለጊፋታ ላክኋት። የመኪናውን ከፍዬ፣ ለእናቷ ጋቢ ገዝቼ፣ ስንቅ ቋጥሬ። «አሥር ቀን» አለች። ይኸው ሚያዝያ ገባ፣ አሥሩ ቀን አላለቀም። ስልኳ ዝግ ነው። ደላላው ጋ ስደውል «እሷማ ሌላ ቤት ገብታለች፣ ሌላ ላምጣልሽ?» አለኝ። ኮሚሽኑን ደግሜ ከፈልኩ። የምሠራው የግል ሆስፒታል ነው። የዓመት ፈቃዴ የት እንዳለቀ ታውቂያለሽ? ቤት ቁጭ ብዬ ልጅ ስጠብቅ። የሷን እረፍት የወሰድኩላት እኔ ነኝ። እና እረፍት ስጡ የምትሉ ሰዎች፣ መጀመሪያ እንደምትመለስ ዋስ ሁኑ።

ወንደላጤው፦
ሰባት ወር ካልተመለሰች እኮ እረፍት አይደለም የወሰደችው። ለቃለች። ለምን እንደለቀቀች ግን ጠየቅሽ?

የሁለት ልጆች እናት፦
አንተ ወንደላጤ ዝም በል። ካልሲህን በፌስታል ይዘህ እናትህ ቤት የምትሄድ።

ወንደላጤው፦
ላውንደሪ ነው የማሳጥበው። ደረሰኝ አለኝ።

ከልደታ፦
ስሜቱን ትተን ወረቀቱን እንይ። አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ። የሕዝብ በዓል ከነደመወዙ ነው። በጣም ያምራል። አንቀጽ 3 ላይ ስትደርሱ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር በዚህ አዋጅ አይሸፈንም ይላችኋል። የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ አትክልተኛው ወጡ። የነሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ አለፈው። የ1996ቱ አዋጅ 377ም እንዲሁ ብሎ ነበር። የ1985ቱ አዋጅ 42ም ብሏል። በ1985 የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ሠራተኛ ቀጥሯል። ደንቡን ያየ ካለ እዚህ ይለጥፍልኝ።

አባ ቀናው፦
ልጄ፣ ሕግ እልፍኝ አይገባም። በእኛ ጊዜ ገረድ ቤት ስትገባ እንደ ልጅ ነበር የምትያዘው። እናቴ ቤት 11 ዓመት የኖረች ነበረች። ድንኳን ጥለን፣ ወርቅ አድርገንላት ዳርናት። ዛሬም ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ፈቃድ፣ ዕረፍት፣ አንቀጽ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም።

የሳሪሷ፦
በ11 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አገሯ ሄደች?

አባ ቀናው፦
እናቷ የሞተች ጊዜ ሄዳለች።

የሳሪሷ፦
ይኸው። ጨረስኩ።

ሽሮ ሜዳ፦
እኔ አልጨረስኩም። አባባ፣ «ገረድ» የምትለዋን ቃል ይተዉልን።

አባ ቀናው፦
ስድብ አልነበረም እኮ። ስድብ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።

ሽሮ ሜዳ፦
ስድብ ካልነበረ ለምን እህትህን «ገረድ» ስትላት ትደበድብህ ነበር?

የቤተል ልጅ፦
ቃሉን ቀየርነው፣ ምን ተለወጠ? የኔ ጓደኛ «አጋዤ» ነው የምትላት። አጋዥዋ ግን ከጥምቀት ወዲህ ግቢ ወጥታ አታውቅም። ስሟን አሳመሩላት፣ እሑዷን በሉባት።

የሁለት ልጆች እናት፦
እስቲ ሁላችሁም ስለ እሑድ ከማውራታችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። ቤቴ ትተኛለች፣ ቤቴ ትበላለች። ሳሙናው፣ ቅባቱ፣ ሞዴሱ፣ ስትታመም ሐኪም ቤቱ ከኔ ነው። የበዓል ልብስ ገዝቼላታለሁ። ፋብሪካ ይሄን ይሰጣል? ከእኛ ጋር ታከብራለች ሲባል ይሄ ማለት ነው። ምኑ ያስቃል?

ሽሮ ሜዳ፦
«ከእኛ ጋር»ን አንቺም ደገምሻት? እሺ በዶሮው እንነጋገር። አሥራ ሁለቱ ብልት ሲታደል የሷ የትኛው ነው? ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ ገባኝ። መላላጫው ለእንግዳ። ታፋው ለልጆች። ለሷ ማዕድ ቤት በርጩማ ላይ አንገትና መረቅ። እንቁላሉም ከተረፈ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ስንት ሰው ምን እንደበላ ቆጥረህ ነው የምታድረው? የኛዋ ከእኛው ጋር ጠረጴዛ ላይ ነው የምትበላው።

ሽሮ ሜዳ፦
በመሐል «እስቲ እንጀራ ጨምሪ» ሲባል የሚነሳው ማነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ምን አለበት? ልጄም ትነሳለች።

ወንደላጤው፦
ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሦስት። ዝም በል አልኩህ።

የቤተል ልጅ፦
እኔ ቤት ያለው ነገር ሌላ ነው። የኛዋ ሙስሊም ናት። ኢድን ሁለት ቀን፣ አረፋን ሦስት ቀን እናቷ ጋ ትሄዳለች። ፋሲካን እሷ ትሠራልኛለች። ሁለታችንም አላጉረመረምንም። ደንብ አልጠበቅንም፣ ተስማማን።

የሳሪሷ፦
ጎሽ። ቆይ ግን፣ የክርስቲያን ሥጋ ትበላለች?

የቤተል ልጅ፦
አትበላም። ትሠራለች፣ አትበላም።

የሳሪሷ፦
ታዲያ የፋሲካ ዕለት ምን በላች?

የቤተል ልጅ፦
ሽሮ። ራሷ ናት ሽሮ ይሻለኛል ያለችው።

ሽሮ ሜዳ፦
ሁለት ወር ጾማችሁ እናንተ ሽሮ ስትሸሹ ሽሮው ለሷ! ምናለ ከኮልፌ አንድ ኪሎ የሙስሊም ሥጋ ብታመጣላት?

የቤተል ልጅ፦
አንተ ደግሞ ሽሮ በስምህ ስላለ ነው የተሰማህ። እሺ ለከርሞ አመጣለሁ። በጎ ያደረገ ሰው ላይ ነው እንዴ የምትዘምቱት?

ኩዌት ደርሶ መልስ፦
ዝም ብዬ ላነብ ነበር፣ አልቻልኩም። እኔ ኩዌት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እኤአ በ2015 ሕግ ቁጥር 68 አወጡ። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ፣ በቀን ከ12 ሰዓት የማይበልጥ ሥራ። ወረቀቱ ይሄ ነው። ማዳሜ ግን ወረቀቱን አይታው አታውቅም። «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» ትለኝ ነበር። ፓስፖርቴ የሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ኢድ ሲመጣ ሃያ ሰላሳ ሰው ይመጣል። እኔ ከእነሱ ጋር አከብራለሁ ማለት ነው።

አገሬ ስመለስ የሰው ቤት መግባት አልፈለግሁም። ግን ገባሁ፣ ምን ላድርግ? ያቺ ቃል ቦሌ ላይ ጠበቀችኝ። በአማርኛ። ኩዌት ቢያንስ ጥሼዋለሁ የምትለው ሕግ አላት። ለአረቦች ዕረፍት ስጧቸው ብለን እንጮሃለን። እኛ ምን ሰጠን?

አባ ቀናው፦
አረብን ከእኛ ጋር አታወዳድሪ ልጄ። እኛ ፓስፖርት አንቀማም።

ኩዌት ደርሶ መልስ፦
የመጀመሪያ ወር ደመወዝ መያዣ ብሎ የሚያስቀምጠው ማነው አባባ?

የሁለት ልጆች እናት፦
መያዣ ሁሉም ሰው ይይዛል። ካልያዝሽ በሳምንቱ ትጠፋለች።

ወንደላጤው፦
የጊፋታዋስ መያዣ ነበራት?

የሁለት ልጆች እናት፦
ነበራት። እና ምን ይሁን?

ወንደላጤው፦
ምንም። ጋቢውን ገዝተሽ ደመወዟን ያዝሽ። ሂሳቡን እየሠራሁ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሳትመለስ ቀረች እኮ! የመጣች ዕለት እሰጣታለሁ። ደግሞ ችግሩ ደላላው ነው። በየሦስት ወሩ ቤት ካላዟዟራት ኮሚሽን አያገኝም። በዓል ሲደርስ የሚደውልላት እሱ ነው። ስለሱ ለምን ማንም አይናገርም?

ከልደታ፦
ደላላውን እንመለስበታለን። «ምንም ሕግ የለም» የሚል እንዳይመጣ ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2601 ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ ያወራል። አሠሪው በመኖሪያው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ የሠራተኛውን ጤናና ሥነ ምግባር የሚጠብቅ ተገቢውን ሁሉ ያድርግ ይላል። «ተገቢ» ስንት ሰዓት ነው? እሑድን ይጨምራል? ፋሲካንስ? ይሄን ዳኛ ፊት የምታስረዳው ያቺ ከግቢ የማትወጣ ልጅ ናት።

የሳሪሷ፦
ጠበቃ ስትሆን ደስ ትላለህ። ሰው ስትሆንስ? አንተ ቤት እሑድ እንዴት ነው?

ከልደታ፦
ተመላላሽ ነው ያለችን።

የሳሪሷ፦
የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።

ከልደታ፦
ቅዳሜና እሑድ አትመጣም። በዓል ሲሆን... ዋዜማውን ትመጣለች። በፈቃዷ ነው።

ሽሮ ሜዳ፦
በፈቃዷ! ይቺን ደግሞ «ከእኛ ጋር» አጠገብ አስቀምጡልኝ።

የማታ ተማሪ፦
እኔ አዳሪ ሠራተኛ ነኝ። የማታ 9ኛ ክፍል እማራለሁ። አሁን ልጁን አስተኝቼ ነው የምጽፈው። 30 ቀን የጠየቀ ሰው አላውቅም። እኔ የምፈልገው እሑድን ከቁርስ በኋላ እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው። እሷም ክፉ አይደለችም፣ «እሑድ እረፊ» ትለኛለች። ግን ቤት ውስጥ እረፊ ነው። ቤት ካለሁ «እስቲ ውሃ አቀብይኝ» አለ። «ልጁን አንዴ ያዢልኝ» አለ። በር ይንኳኳል። የምጠይቀው ዘመድ የለኝም፣ ዝም ብዬ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ሄጄ ብመለስ ደስ ይለኛል።

ከልደታ፦
ይቺ ልጅ ያለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ላይ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት እኤአ በ2011 ያወጣው ቁጥር 189፣ አንቀጽ 9። አዳሪ የቤት ሠራተኛ በዕረፍቷና በፈቃዷ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ወይም ከቤተሰቡ ጋር የመቆየት ግዴታ የለባትም ይላል።

የሳሪሷ፦
«ከቤተሰቡ ጋር»! አያችሁ? «ከእኛ ጋር» የምትለዋን ጄኔቫ ድረስ ሄደው ቀድመው አውቀዋታል።

አባ ቀናው፦
ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የቤት ሠራተኛ እንዲህ ትጽፋለች? አንዷ ማኅበር ያላት ሴትዮ ትሆናለች።

ኩዌት ደርሶ መልስ፦
ምን ማለትዎ ነው አባባ? እኛ መጻፍ አንችልም?

አባ ቀናው፦
እንደሱ አላልኩም።

ኩዌት ደርሶ መልስ፦
ብለዋል። ከላይ አለ። «እንደ ልጅ ነበር የምትያዘው» ያሉት ሰውዬ፣ ያቺ 11 ዓመት የኖረች ትምህርት ቤት ገብታ ነበር?

አባ ቀናው፦
ያኔ ሌላ ጊዜ ነው። ለምን ወደ ስድብ ታመጡታላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ማሚዬ የማታ ተማሪ፣ ሰፈርሽ የት ነው? ልጅ ትወጂያለሽ? ስንት ይከፍሉሻል?

የሳሪሷ፦
አንቺ! ደላላ ሆንሽ እንዴ? እዚህ ስለ መብት እየተከራከርን አንቺ ሰው ቤት ልታፈርሺ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ምን ላድርግ? ያለችኝ ለፋሲካ ወጥታ እስካሁን አልተመለሰችም፣ ነገ ሌሊት ተረኛ ነኝ። ማሚዬ፣ እኔ ጋ እሑድ አለሽ። ትወጫለሽ።

የማታ ተማሪ፦
እሑድ ሙሉ?

የሁለት ልጆች እናት፦
እስከ 8 ሰዓት።

ወንደላጤው፦
ከዚያ በኋላ ከእነሱ ጋር ታከብሪያለሽ።

የማታ ተማሪ፦
ልጁ ነቃ። ቻው።