«እሑድ የንጉሥ አዋጅ ነው» ላለው ሰው

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ የሰባተኛ ቀን አማኝ ድንኳኑን ጉባኤ አደረገው። «እሑድ የንጉሥ አዋጅ እንጂ የእግዚአብሔር ትእዛዝ አይደለም» ብሎ ዐረፈው። ሟች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ልጆቻቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ይህ ለቅሶ ላይ የሚባል ነገር ነው? በዚያ ላይ እውነት እንኳን አይደለም።

የሰባተኛው ቀን፦ ያ ሰው እኔ ነኝ። ከምታማኝ እዚያው ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አንድ ሽማግሌ «እናንተ ቅዳሜ ለምን ትዘጋላችሁ?» አሉኝ፣ መለስኩ። ያልኩትንም አልሸሽም። ዘፀአት 20 «የሰንበትን ቀን ትቀድሰው ዘንድ አስብ» ሲል ሰባተኛውን ቀን ነው። ዳኛውም የከተማው ሰውም እሑድ ይረፍ ብሎ ያወጀው የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ321።

የከዚራ ልጅ፦ አዋጁን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? ገበሬ እሑድም እንዲያርስ ፈቅዷል። ሰንበት የፈጠረ ንጉሥ በሬ ጥመዱ ይላል? የነበረውን ቀን ለችሎትና ለገበያ ሕግ አደረገው እንጂ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ክርስቲያኖች እሑድ ተሰብስበው መጻሕፍት እንደሚያነቡና እንደሚቆርቡ የጻፈው ከአዋጁ 170 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው።

የሰባተኛው ቀን፦ መሰብሰብ ሌላ፣ ሰንበት ሌላ። የሐዋርያት ሥራ 20 ላይ ጳውሎስ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንጀራ ቆርሷል፤ ቀኑን ግን ማንም ሰንበት አላለውም። ጌታ ደግሞ «ሽሽታችሁ በክረምት ወይም በሰንበት እንዳይሆን ጸልዩ» ብሏል። ቀኑ የሚሻር ቢሆን ኖሮ ስለ እሱ መጸለይ ለምን አስፈለገ?

ጸጋ ብቻ፦ ቆላስይስ 2፥16። «ስለ በዓል ወይም ስለ ወር መባቻ ወይም ስለ ሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ።» ጨርሻለሁ።

የሰባተኛው ቀን፦ እናንተ ደግሞ አንድ ጥቅስ ወርውሮ «ጨርሻለሁ» ማለት ትወዳላችሁ። እሑድ ግን ከአዳራሹ አትቀሩም።

ወለተ ገብርኤል፦ እስቲ እኔ «የንጉሥ አዋጅ» የምትለዋን ልያዝልህ፣ ልጄ። በዚህች አገር ቅዳሜን ያጸናው ማን ሆነና? ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ! እ.ኤ.አ. በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰነ። ንጉሥ የነካው ቀን ሁሉ የሚጣል ከሆነ ያንተም ቅዳሜ አይተርፍም። እኛ ቅዳሜን ጥለን አናውቅም። በዐቢይ ጾም እንኳን ከቀዳም ስዑር በቀር ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቆይም።

የሰባተኛው ቀን፦ እትዬ፣ በአክብሮት ነው የምመልሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ከመንገሡ መቶ ዓመት ገደማ በፊት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በዚሁ በቅዳሜ ጉዳይ ተሰደዋል፤ ያረፉት አርመን አገር ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ከቤተ መንግሥቱም ከጳጳሱም ተገፍተው ቅዳሜን እንደያዙ ቆዩ። ንጉሡ የመጣው በመጨረሻ ነው። የነበረውን አጸና እንጂ እሱ አላመጣውም።

የከዚራ ልጅ፦ ተመስገን! «የነበረውን አጸና እንጂ እሱ አላመጣውም።» እኛስ ስለ ቆስጠንጢኖስ ሌላ ምን አልን? በል ለሠልስቱ ተመለስና ይህንኑ ለልጆቻቸው ድገምላቸው።

የሰባተኛው ቀን፦ አይመሳሰሉም። ከቆስጠንጢኖስ በኋላ የሎዶቅያ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በ29ኛው ቀኖና ክርስቲያን ቅዳሜ ሥራ እንዳይፈታ አዘዘ። የሚያርፍ ሰው ባይኖር ማንን ሊከለክል? ደብረ ምጥማቅ እሑድን አልከለከለም። አንዱ ጨመረ፣ አንዱ ቀማ።

ወለተ ገብርኤል፦ የቀማው ካለ ከሌላው ነው፤ ከእኛ አይደለም። ዐፄ ገላውዴዎስ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ኢየሱሳውያን ገና ሲመጡ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ፣ አይሁድ ቅዳሜ ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነዱም፣ አይጋግሩም፤ እኛ ግን ቁርባን እናቀርብበታለን ብሏል። ከእሑድ ጋር ግን አላስተካከለውም። ሱስንዮስ በኋላ የእነሱን ምክር ሰምቶ ቅዳሜን ሲሽር ምን እንደ ተከተለ ታውቃለህ። ስንቱ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖቱን መልሶ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። ለቅዳሜ የሞተውን ሕዝብ አንተ ነህ ስለ ቅዳሜ የምታስተምረው?

የቀፊራው ነጋዴ፦ በክርስቲያኖች ጠብ መሀል መግባቴን ይቅር በሉኝና፣ እኛ ዓርብ ከሶላት በኋላ ሱቅ እንከፍታለን፤ ቁርኣኑም ሶላቱ ሲፈጸም በምድር ላይ ተበተኑ ነው የሚለው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያን ያየ ሰው «ቅዳሜን ጥለን አናውቅም» ሲባል ይስቃል። ነጠላችሁን እንዳጣፋችሁ በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ላይ ግማሽ ሰዓት የምትከራከሩኝ እናንተ አይደላችሁም?

ወለተ ገብርኤል፦ ለእሑድ ወጥ ነዋ! አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ዋጋ ባትጨምር ኖሮ ክርክሩ ባጠረ።

የቀፊራው ነጋዴ፦ ዋጋውን የሚጨምረው ጫኙ ነው፣ እትዬ። እኔን ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር አይደምሩኝ።

የከዚራ ልጅ፦ የሰባተኛው ቀን ሆይ፣ እንደ ዘፀአት ነው የማከብረው ካልክ፣ ቅዳሜ ቤትህ ቬንቲሌተር ይዞራል?

የሰባተኛው ቀን፦ በድሬዳዋ ግንቦት ቬንቲሌተር አጥፉ የሚል ትእዛዝ ካገኘህ አሳየኝ።

ፈረቃ ሠራተኛ፦ እናንተ ሁለት ሰንበት አላችሁ፤ እኔ አንድም የለኝም። የምሠራበት ፋብሪካ በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ሌሊትና እሑድ ቀን መድቦኛል። የሥራ ሕጉ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ በተቻለ መጠንም እሑድ ይላል። ለእኛ «የተቻለው» ማክሰኞ ነው። ማክሰኞን የትኛው ጉባኤ ያጽናልኝ?

ጸጋ ብቻ፦ ሮሜ 14፥5። «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ።»

ፈረቃ ሠራተኛ፦ ይህን ለፈረቃ ኃላፊው ላንብብለት?

የሰባተኛው ቀን፦ ወንድሜ፣ እኔ በቅዳሜ ምክንያት ሥራ ለቅቄ አውቃለሁ። ቀላል ነው አልልህም።

ፈረቃ ሠራተኛ፦ አንተ ሱቅ ነበረህ። እኔ ያለኝ የቤት ኪራይ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ወደ ነገራችን። «አንዱ ቀማ» ያልከውን አልለቅህም። በቆስጠንጢኖስ አዋጅ ውስጥ ቅዳሜን የሚከለክል አንድ መስመር አሳየኝ።

የሰባተኛው ቀን፦ ሎዶቅያ ነው ያልኩት። አንብብ እንጂ!

የከዚራ ልጅ፦ ሎዶቅያ ጉባኤ ነው፤ ንጉሥ አይደለም! ለቅሶ ቤት ያልከው «የንጉሥ አዋጅ» ነው። የትኛው ንጉሥ?

የሰባተኛው ቀን፦ ዓርብ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ነገ ማታ እመለስበታለሁ።

የከዚራ ልጅ፦ ይኸው፣ ሽሽትህ በሰንበት ሆነ። ሳትጸልይ ቀርተህ ነው።

ወለተ ገብርኤል፦ ተወው፣ ቀኑን ያክብር። አንተን ግን ነገ ጠዋት ኪዳን ላይ አይሃለሁ?

የከዚራ ልጅ፦ እትዬ፣ እኔ የምናገረው ስለ ታሪኩ ነው።