ክርክር፦ ትልልቅ የቱሪስት አውቶቡሶች ከስካይ ደሴት ጠባብ መንገዶች ይታገዱ?

መድረክ መሪ፦ የስኮትላንዱ ስካይ ደሴት የውስጥ መንገድ ብዙው አንድ መኪና ብቻ የሚያስኬድ ነው። ከፊት መኪና ሲመጣ በየቦታው በተሠሩት ማሳለፊያዎች ጥግ ይያዛል። ለክርክር የቀረበው ሀሳብ፣ ከ16 መንገደኛ በላይ የሚጭን አውቶቡስ ከዋናው ኤ87 መንገድ ወጥቶ ቱሪስት ወደሚጎበኛቸው ቦታዎች፣ ወደ ኤልጎል፣ ወደ ኪራይንግ ወይም ወደ ፌሪ ፑልስ፣ አይግባ የሚል ነው። ሥራውን የምታውቁ፣ ባለ 49 ወንበር አውቶቡስና ባለ 16 ወንበር ሚኒባስ የያዛችሁ፣ ተናገሩ።

ባለ 49 ወንበር፦ እቃወማለሁ። አውቶቡሱን ብትከለክሉት 49ኙ ሰው ቤቱ አይቀርም። ወይ በሦስት አራት ሚኒባስ ይመጣል፣ ወይ አራት አራት ሆኖ በ12 እና 13 የኪራይ መኪና ይመጣል። የኪራይ መኪና ከያዙት ውስጥ በግራ በኩል መንዳት ትናንት የጀመረ ሞልቷል። ማሳለፊያውን በቀኙ ሲያይ ዘሎ ይገባበታል፣ ከፊት የሚመጣው ሾፌርም እዚያው ሊገባ ስለሆነ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥማሉ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ማሳለፊያው በግራህ ከሆነ ግባበት፣ በቀኝህ ከሆነ መስመርህን ሳትለቅ ትይዩው ላይ ቁም፣ የሚመጣው ይግባበት። ዳገት ለሚወጣ በተቻለ መጠን ቅድሚያ ስጥ። ይህን የማያውቁ 12 ሰዎች ከሚመጡ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ሾፌር ቢመጣ ለደሴቱ ይሻላል።

ባለ 16 ወንበር፦ ወንድሜ፣ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መተላለፍ ሌላ። ትልቁ አውቶቡስ ወርዱ 2.55 ሜትር ነው፣ መስታወቱ ሳይቆጠር። መንገዱ 3 ሜትር በሆነበት ቦታ በግራና በቀኝ የሚተርፈው 22 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ከሌላ አውቶቡስ ጋር ቢፋጠጥ፣ 12 ሜትር ርዝመት ይዞ በኋላ ማርሽ እስከ መጨረሻው ማሳለፊያ መመለስ ይኖርበታል። ከኋላው አምስት መኪና ተሰልፎ ከሆነ ደግሞ እነሱ ሳይመለሱ እሱ መንቀሳቀስ አይችልም። ሚኒባስ 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለመመለስም ለመጠጋትም ቦታ አለው።

መጸዳጃውንም አስቡት። ሁለት ክፍል ብቻ ባለበት ቦታ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ተኩል ብንይዝ 49 ሰው 37 ደቂቃ ይፈጃል፣ 16 ሰው 12 ደቂቃ። የፎቶ ጊዜ ተብሎ ለቱሪስቱ የተሸጠለት በወረፋ ያልቃል።

ባለ 49 ወንበር፦ ሦስት ሚኒባስ ተከታትሎ ሲመጣስ? እያንዳንዱ 7 ሜትር ቢሆን ሲደመር 21 ነው፣ በመሀል ያለው ክፍተት ሳይገባ። አንድ ማሳለፊያ አይበቃቸውም። የሦስተኛው ጭራ መንገዱ ላይ ይቀራል፣ ከፊት የመጣውም መውጫ ያጣል።

ባለ 16 ወንበር፦ እሱ የአነዳድ ጥፋት ነው። ከአንድ ሆቴል የሚነሱ ሚኒባሶች በ15 ደቂቃ ልዩነት ይወጣሉ፣ አንዱ ዙሩን ስቶር ከሚባለው ድንጋያማ ተራራ ከጀመረ ሌላው ከኪራይንግ ይጀምራል። ከኋላ የአገሬው መኪና ከመጣ ማሳለፊያው ላይ ጥግ ይዞ ማሳለፍ ነው፤ ሐኪሙም ፖስተኛውም በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት።

ነዋሪ፦ እኔ የምጨነቀው ለመንገዱ ጠርዝ ነው። ብዙው ቦታ አስፋልቱ የተነጠፈው ውሃ ባዘለ ረግረግ አፈር ላይ ነው። ከባድ ጎማ ጠርዙን ሲረግጠው መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ በሳምንቱ ጠርዙ ተገምሶ ጉድጓድ ይሆናል። መሐንዲሶች በሚሠሩበት ቀመር የመንገድ ጉዳት ከአክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማን ከሚያያይዘው ዘንግ፣ ጭነት አራተኛ ርቢ ጋር ነው የሚያድገው፤ ጭነቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ማለት ነው። የአውቶቡሱ የኋላ አክስል የሚኒባሱን 3 እጥፍ ቢጭን ጉዳቱ 81 እጥፍ ነው። ሦስቱ ሚኒባስ ተደምሮ እንኳ ለመንገዱ 27 ጊዜ ይቀለዋል። ከሚያዝያ ወር ጀምሮ ደግሞ በጎች ይወልዳሉ። እናቲቱ በወዲህ ጠርዝ፣ ግልገሉ በወዲያ ከሆነ መኪና ሲቀርብ አንዱ ወደ ሌላው መሮጡ አይቀርም። ያን ጊዜ 18 ቶን ቶሎ አይቆምም።

ፕሮግራም አውጪ፦ ጋሼ፣ ስለ መንገዱ ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ሁላችሁም ሰዓቱን ረሳችሁት። አስጎብኚውንም እንግዳውንም አደጋ ላይ የሚጥለው እሱ ነው።

ሕጉ ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ እረፍት ይጠይቃል። ለሁለት ቢከፈል መጀመሪያ 15፣ ቀጥሎ 30 ነው፤ ተገላቢጦሹ አይቆጠርም። በቀን የሚነዳው 9 ሰዓት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ይፈቀዳል። ከኤድንብራ የስካይ ዋና ከተማ ፖርትሪ ለመድረስ ሳይቆሙ 5 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ደርሶ መልሱ 11 ሰዓት ስለሚሆን አንድ ሾፌር በአንድ ቀን ስካይን አስጎብኝቶ ኤድንብራ ሊመለስ በሕግ አይችልም። ከኢንቨርነስ ይቻላል።

አሁን ባለ 16ን ልጠይቅ። በሚኒባስ ሾፌሩም አስጎብኚውም አንድ ሰው ነው። የሾፌሩን የመንዳትና የእረፍት ሰዓት በሚመዘግበው መሣሪያ፣ በታኮግራፉ ላይ፣ የአልጋ ምልክት አለ፣ እረፍት ማለት ነው። የተመሳቀሉ መዶሻዎች ምልክት አለ፣ ሌላ ሥራ ማለት ነው። ሰውየው ስቶር ሲደርስ አልጋውን ተጭኖ ይወርድና እንግዶቹን ዳገቱን ይዟቸው ይወጣል። ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር ሲያስረዳ፣ ለአሮጊቷ እጁን ሲሰጥ ሥራ ላይ ነው እንጂ እረፍት ላይ አይደለም። ያ 45 ደቂቃ በወረቀት ላይ እንጂ በሰውነቱ ላይ የለም። በትልቁ አውቶቡስ አስጎብኚው ሌላ ሰው ስለሆነ ሾፌሩ በእውነት ያርፋል። እገዳው ሲመጣ ብዙ እንግዳ ወደዚህ አንድ ደካማ ሰው ይዞራል።

ባለ 16 ወንበር፦ እህቴ፣ እውነት ነው፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም። መፍትሔው ግን የቀኑን ማቆሚያዎች መቀነስ ነው። ስቶር ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሽቅቡ ወደ 290 ሜትር፣ እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። ፕሮግራሙ ላይ ግን 45 ደቂቃ ተጽፎ ይገኛል! እንግዳው ግማሽ መንገድ ይወጣና ሰዓቱን አይቶ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ቁልቁል ይሮጣል። ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው ያኔ ነው። ወይ 2 ሰዓት ስጡት፣ ወይ ከታች ሆኖ አይቶት ይሂድ። ሾፌሩም ከታች ቁጭ ብሎ ምሳውን ይብላ፣ ማንም አያናግረው።

ባለ 49 ወንበር፦ 16 የሚለው ቁጥርም ከመንገዱ የመጣ አይደለም። ዲ1 የሚባለው መንጃ ፈቃድ የሚያበቃው እዚያ ስለሆነ ነው የተመረጠው። መንገድ ወንበር አይቆጥርም። የሚያስቸግረው ወርድና ርዝመት ከሆነ ገደቡ በሜትር ይጻፍ፣ ጠበብ ያሉት ባለ 29 አውቶቡሶችም አብረው አይጨፍለቁ።

ነዋሪ፦ በሜትር ይሁን፣ እስማማለሁ፤ የአክስሉ ክብደት ግን አብሮ ይጻፍ። ኤ87 በስኮትላንድ መንግሥት ሥር ነው፣ የቀሩት መንገዶች የሃይላንድ ምክር ቤት ስለሆኑ ወሳኙ እሱ ነው።

ባለ 49 ወንበር፦ ዓመቱን ሙሉ ግን አይሁን። በዲሴምበር ጀምበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት ተኩል ብዙም ሳታልፍ ነው። መንገዱ ባዶ ነው፣ በግ አይወልድም።

ነዋሪ፦ ረግረጉ በጣም ውሃ የሚጠጣው በዚያው ወቅት ነው፣ ልጄ። ጠርዙ በቀላሉ የሚገመሰውም ያኔ ነው። በግና ቱሪስት ባይኖርም የክብደቱ ገደብ በዲሴምበርም ይቆይ።