ኤልባ ደሴት በማውንቴን ባይክ፣ አቅማችን ግን የተለያየ ነው

ሰላም፣ መስከረም ላይ በቤተሰብ ሆነን ከጣሊያኑ የፒዮምቢኖ ወደብ በመርከብ ወደ ኤልባ ልንሻገር ነው። እኔና ወንድሜ ድንጋያማ ቁልቁለት አይከብደንም፣ ባለቤቴ ዳገት ላይ ጎበዝ ናት ቁልቁለት ግን ትፈራለች፣ እህቴ ደግሞ ብስክሌት የለመደችው ገና ዘንድሮ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ብስክሌት እንከራይላታለን። ያነጋገርነው አስጎብኚ ሁላችሁንም በአንድ መንገድ ልውሰድ አለን፣ እሱ ደግሞ ወይ እነሱን ያስመርራል ወይ እኛን ያሰለቻል። የደሴቱን ምዕራብ ትተነዋል፣ እዚያ ያለው ሞንቴ ካፓኔ ተራራ 1,019 ሜትር ስለሆነ ይከብዳቸዋል። ካፖሊቬሪ የሚባል ከተማ ልናርፍ አሰብን፣ የ2021 የማውንቴን ባይክ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደበት ነው፣ አጠገቡ ያለው ካላሚታ ተራራም ዝቅ ያለ ሆኖ የድሮ የብረት ማዕድን ማውጫዎቹ ጋ የሚወስድ ሰፊ የኮረኮንች መንገድ አለው። ማንም ሆቴል ቁጭ ብሎ እንዲቀር አልፈልግም። ካላሚታን የምታውቁ፣ እነሱ በሰፊው እኛ በቀጭኑ መንገድ ሄደን ለምሳ የምንገናኝበት የትኛው ቦታ ይሻላል?