የክልሉ ባንዲራ፦ የጋራ ሐሳባችንን እዚሁ እንቅረጽ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም አባላት! እስካሁን የላካችሁትን ሁሉ አንድ ላይ አድርጌ አየሁት። ተራራው ይግባ፣ ወንዙ ይግባ፣ እህሉ ይግባ፣ መጽሐፍ ይግባ፣ የክልሉ ስምም ይጻፍበት ተብሏል። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ሐሳብ ነው። ግን ሁሉም ከገባ የሚወጣው ባንዲራ ሳይሆን ፖስተር ነው። ስለዚህ ስለ ባንዲራው የምናቀርበው ሰነዳችን ገና ከመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ቢል እላለሁ፦ አንድ ምልክት፣ ቢበዛ ሦስት ቀለም፣ ጽሑፍ የለም፣ ማኅተም የለም።

ማኅተሙ ላይ ድርቅ የምለው በምክንያት ነው። የአሜሪካዋ ነብራስካ ባንዲራ ሰማያዊ ጨርቅ ሆኖ መሐሉ ላይ የግዛቱ ማኅተም ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በምክር ቤቱ ሕንፃ ላይ ተገልብጦ ለ10 ቀን ሲውለበለብ ማንም ልብ እንዳላለው አንድ የምክር ቤት አባል ተናግረዋል፤ እሳቸውም ይህን ያነሱት ባንዲራው ይቀየር ብለው ሲከራከሩ ነበር። ማኅተም ወረቀት ላይ ቀርቦ ለሚያይ ሰው የተሠራ ነገር ነው። ባንዲራ ግን ከሩቅ ይታያል፣ ነፋስ ያጣጥፈዋል፣ ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ ምሰሶው ላይ ተጣብቆ ይውላል፤ ያኔም መታወቅ አለበት።

ከዲዛይን ቡድን፦
እስማማለሁ። ግን አንድ ምልክት ስንል የማን ምልክት? እዚህ ላይ ቸኩለን እንዳናልፍ። የአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ባንዲራ ቢጫ ላይ ቀይ ፀሐይ ብቻ ነው፣ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የሰሜን አሜሪካ የባንዲራ ጥናት ማኅበር የአሜሪካ ግዛቶችንና የካናዳ ክፍላተ ሀገራትን ባንዲራዎች ሲያወዳድር አንደኛ የወጣው እሱ ነው። በውበቱ ምንም አይወጣለትም። ፀሐይዋ ግን ዚያ ፑዌብሎ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ምልክት ናት፣ እነሱም ሳንጠየቅ ተወሰደብን ብለው ለብዙ ዓመታት አቤት ብለዋል። እኛ ይህን ገና ሳይነጋ ማስተካከል እንችላለን። ረቂቅ የሚልክ ሁሉ ምልክቱ ከየት እንደመጣ፣ ባለቤት ካለው ደግሞ ማንን እንዳነጋገረ ይጻፍ። ይህ ከሌለ ረቂቁ የቱንም ያህል ቢያምር አይታይ ባይ ነኝ።

አንድ አባል፦
ለእያንዳንዱ ዞን አንድ መስመር ብንሰጥስ? የፈረንሳይዋ ብሪታኒ ክልል እንደዚያ ናት። ዘጠኙ ጥቁርና ነጭ መስመሮች የድሮዎቹን ዘጠኝ ሀገረ ስብከቶች ነው የሚወክሉት። ማንም አልተረሳም፣ የማንም ሥዕል ከማንም አልበለጠም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ እኩልነቱን ወድጄዋለሁ። የምፈራው ቁጥሩን ነው። የብሪታኒዎቹ መስመሮች የሚቆጥሩት ታሪክን ነው፣ ታሪክ ደግሞ አይጨምርም አይቀንስም። ዞን ግን ነገ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፣ ያኔ መስመር ልንጨምር ነው? የዛሬውን አስተዳደር አንቁጠር። ሁሉም የሚያየውን አንድ ነገር እንፈልግ። ግሪንላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያጸደቀችው ባንዲራ ላይ ቀይና ነጭ ብቻ ነው ያለው፦ ላዩ ነጭ፣ ታቹ ቀይ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ምሰሶው ጠጋ ያለ ቀለሙ የተገላበጠ ክብ። በረዶና ፀሐይ ነው፣ እዚያ የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው። ሕፃን ልጅ በቃሉ ይሥለዋል።

ከዲዛይን ቡድን፦
አንድ ነገር ልጨምር። የተመረጠው ረቂቅ እንዳለ ይጽደቅ ብለን እንዳንጽፍ። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ከ2,000 በላይ ረቂቆች ከሕዝብ ተቀብላ አንዱን ከመረጠች በኋላ የባንዲራ ኮሚሽኑ ነጩንና አረንጓዴውን መስመር አንስቶ ያንን ክፍል አንድ ወጥ ፈዛዛ ሰማያዊ አደረገው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ የሚውለበለበው ይሄ የተቀነሰለት ነው። የመቀነስ ሥልጣን ያለው ኮሚቴ እንዲኖር እንጠይቅ፤ የመጨመር ሥልጣን ግን አይኑረው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ባለሥልጣን የራሱን ነገር ካስገባ ተመልሰን ፖስተሩ ጋ ነን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ይሄ ይገባል፣ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ። ረቂቅ የምትልኩ ደግሞ በሦስት መልክ ላኩልኝ፦ በትልቁ፣ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን፣ እና በጥቁርና ነጭ። የቀለሙንም መለያ ቁጥር (ኮድ) አብራችሁ ጻፉ። ቀይ ብቻ ካላችሁ አንዱ ማተሚያ ቤት ደማቁን፣ ሌላው ጠቆር ያለውን ያትመዋል፣ ባንዲራውም በየመሥሪያ ቤቱ የተለያየ ሆኖ ይቀራል።