የቅንጣት ፊዚክስ ተመራማሪን የሳይቴሽን ማጠቃለያ ለማዕረግ ኮሚቴ እንዴት ላዘጋጅ?

ማራኪ ሰፈር (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር ነው። አንድ የቅንጣት ፊዚክስ ባልደረባችን ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሊቀርብ ስለሆነ የኅትመትና የሳይቴሽን (ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበት ብዛት) ማጠቃለያውን በአንድ ገጽ እንዳዘጋጅ ተሰጥቶኛል። ዶክትሬቱን የሠራው በሲኤምኤስ ሙከራ (በሰርን ቅንጣት ማጋጫ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች በጋራ የሚሠሩበት) ነው፤ ከተመለሰ ወዲህ ሁለት ሦስት ሆነው የሚጽፉትን የቲዎሪ ሥራ ይዟል። ኢንስፓየር (የቅንጣት ፊዚክስ ጽሑፎች ማውጫ ድረ ገጽ) ላይ 214 ጽሑፍና ኤች ኢንዴክስ 78 (ማለትም 78 ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 78 ጊዜ ተጠቅሰዋል) ይላል፤ ጉግል ስኮላር ሌላ ይላል። ከኮሚቴው አብዛኛው ከጤና ነው፤ «ሦስት ሺህ ሰው የጻፈው የማን ነው? ስሙስ ለምን መካከል ላይ ገባ?» ይላሉ። በዚያ ላይ ስሙ በሁለት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ተጽፎ ሁለት ፕሮፋይል ሆኗል። የትኛውን ቁጥር ልጻፍ?

ፋሲለደስ 58፦
ጓዴ፣ አንድ ቁጥር ፈልገህ ነው የተቸገርከው። ሁለት ረድፍ አድርገው፦ የኮላቦሬሽኑ (የትልቁ የጋራ ሙከራ ቡድን) ለብቻ፣ በጥቂት ሰው የተጻፈው ለብቻ። 78 የሚለው ቁጥር ሲኤምኤስን እንጂ ሰውየውን አይለካም፤ በዚያው ዘመን ስማቸው በደራሲ ዝርዝሩ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደዚያ የሚጠጋ ነው ያላቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኢንስፓየር ላይ የደራሲ ገጹን ክፈትና የጽሑፎቹ ዝርዝር ጎን ያሉትን ማጣሪያዎች እይ። «የደራሲዎች ብዛት» ከሚለው ሥር «10 ደራሲ ወይም ከዚያ በታች» የሚለውን ምረጥ፤ ከዚያ የሳይቴሽን ማጠቃለያውን አብራ። ሰንጠረዡ በቀሩት ጽሑፎች ብቻ እንደገና ይሰላል። ሁለት ዓምድ ታያለህ፤ አንዱ «ሊጠቀስ የሚችል» ነው፣ ፕሪፕሪንቱንም (ገና በመጽሔት ያልታተመውን ጽሑፍ) ይጨምራል፤ ሌላው «የታተመ» ነው። ለማዕረግ የታተመውን ውሰድ። ራስን መጥቀስን የሚያስወጣ ሳጥንም አለ፤ አንዴ አጥፍተህ አንዴ አብርተህ ሁለቱንም መዝግብ፤ ኮሚቴው ኋላ መጠየቁ አይቀርም።

ቁጥሩ በየጊዜው ስለሚለወጥ ያየህበትን ቀን ጻፍ። መብራትም ኔትወርክም ባለበት ሰዓት ገጹን በፒዲኤፍ አስቀምጠው። የኅትመት ዓመት ላይ «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሳ። የሂግስ ቅንጣት ግኝት የተነገረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 ነው፤ በእኛ ሰኔ 27 ቀን 2004። ሁለቱን አቆጣጠር ያቀላቀለ ቅጽ የአንድን ሰው ሥራ በሰባት በስምንት ዓመት ያንሸራትተዋል።

ቤተ መጻሕፍት፦
የስም ቅደም ተከተሉን በአንድ አጭር አንቀጽ ከሰንጠረዡ በላይ አስረዳ። ሐኪሞቹ የለመዱት መጀመሪያ የተጻፈው ሠራ፣ መጨረሻ የተጻፈው መራ የሚለውን ነው። በትልልቅ የቅንጣት ፊዚክስ ኮላቦሬሽኖች ግን ስም የሚደረደረው በፊደል ተራ ነው፤ በሲኤምኤስ መጀመሪያ በአገርና በተቋም፣ ከዚያ በየተቋሙ ውስጥ በስም። ስለዚህ መካከል መገኘት የተቋሙ አገርና ስም፣ የአባቱም ስም በምን ፊደል እንደሚጀምሩ ከመናገር በቀር ምንም አይናገርም። ማሳመኛ ምሳሌ ከፈለግህ፣ ሲኤምኤስና ሌላው የሰርን ትልቅ ሙከራ አትላስ የሂግስን ክብደት በጋራ የለኩበት የ2015 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ 5154 ደራሲ አለው። ከ33 ገጹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነው።

ኤች ኢንዴክስን ከጤናው ጋር አታወዳድር። ፈጣሪው ሂርሽ ራሱ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሐሳቡን ሲያቀርብ ዘርፍ ከዘርፍ እንደሚለያይ ጽፏል።

አዘዞ ቲዎሪ፦
እኔ ብሆን ሳይቴሽኑን በደራሲ ብዛት አካፍዬ ሦስተኛ ረድፍ እጨምራለሁ። 1200 ጊዜ የተጠቀሰ የ3000 ሰው ጽሑፍ ለአንዱ 0.4 ይደርሰዋል፤ 18 ጊዜ የተጠቀሰ የሦስት ሰው ጽሑፍ ደግሞ 6። የእያንዳንዱን ጽሑፍ የደራሲ ብዛትና የሳይቴሽን ቁጥር ኤክሴል ላይ አስገብቶ ማካፈል ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ፋሲለደስ 58፦
አዘዞ፣ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ፍርዱ ግን ልክ አይደለም። ከሦስቱ ሺህ አብዛኛው ያንን ትንተና አልነካውም፤ አምስት ስድስት ሰው ግን ሁለት ዓመት ሠርቶበታል። ለሁሉም 0.4 መስጠት የሠራውንም ያልሠራውንም እኩል ያደርጋል። የደራሲነት መብቱም በነፃ አይገኝም፤ መሣሪያውን ማስተካከል፣ መረጃ ሲሰበሰብ ተራ መጠበቅ፣ ሶፍትዌር መጻፍ ያስፈልጋል። የሚሻለው የእሱን ድርሻ በማስረጃ ማሳየት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የትንተና ቡድኑ አስተባባሪ የነበረ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፦ የትኛው ጽሑፍ፣ የትኛው ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ። ቀጥሎ በኮላቦሬሽኑ ስም ያቀረባቸው የጉባኤ ንግግሮች፣ ከዚያ የዶክትሬት ጽሑፉ። ከ214ቱ እሱ በእጁ የሠራባቸውን ሦስት ወይም አራት ለይተህ በስም ጥቀስ፤ የቀሩትን «በኮላቦሬሽን ደራሲነት» ብለህ በቁጥር እለፋቸው።

አዘዞ ቲዎሪ፦
ደብዳቤው ካለ ይሻላል፣ እቀበላለሁ። ሳይገኝ ሲቀር ግን ማካፈሉ ይሁን።

ወለቃ፦
ስለ ስሙ። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም ስለሌለው አንዱ መጽሔት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» ያለበት ከሆነ ደግሞ ቃሉ ለሁለት ይቆረጥና ግማሹ የመጀመሪያ ስም ሆኖ ያርፈዋል። «ጸ»ም አንዴ በሁለት የላቲን ፊደል፣ አንዴ በአንድ ይጻፋል። መፍትሔው ኦርኪድ ነው፤ በነፃ የሚከፈት ባለ 16 አኃዝ መለያ ነው። እዚያ ውስጥ «ሌላ መጠሪያ» በሚለው ቦታ ሁሉንም አጻጻፎች ያስገባ። ከዚያ በኦርኪዱ ኢንስፓየር ውስጥ ይግባና በሁለተኛው ፕሮፋይል ሥር ያሉትን ጽሑፎች «የእኔ ናቸው» ይበል። ይህን እሱ ራሱ እንጂ አንተ ልታደርግለት አትችልም። ፕሮፋይሎቹ ካልተዋሃዱ ለኢንስፓየር መጻፍ ነው፤ ሰው አይቶ ስለሚያስተካክለው ከኮሚቴው ቀን በፊት አስቀድሞ ይላክ።

ተቃራኒውም አለ። የአባቱ ስም ተስፋዬ ወይም ከበደ ከሆነና የራሱ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ከተጻፈ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሊገባበት ይችላል። ተቋምና ዓመቱን እያየህ ዝርዝሩን አንዴ ውረድበት።

ማራኪ ሰፈር (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። አጣራሁት፤ 11 ጽሑፍ ቀረ። ሳይቴሽናቸው 71፣ 34፣ 18፣ 14፣ 9፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1፣ 1፣ 0 ነው። ኢንስፓየር ኤች 6 ይለኛል፣ ስኮላር ግን 7። የቱ ተሳሳተ?

ቤተ መጻሕፍት፦
አንዱም አልተሳሳተም። ድምሩ 163 ነው። ስድስተኛው 7 ስላለው 6 ይሞላል፤ ሰባተኛው 5 ብቻ ስለሆነ 7 አይሞላም። ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የኮርስ ማስታወሻዎችንና ከዘርፉ ውጭ ያሉ ሥራዎችን ስለሚቆጥር ለዚያ ሰባተኛ ጽሑፍ ቢያንስ ሁለት ጨምሮ አግኝቶ ይሆናል። ኢንስፓየር በዋናነት የሚይዘው የከፍተኛ ኃይል ፊዚክስንና አጎራባቾቹን ነው። በኢንስፓየሩ 6 ጻፍ፣ ስኮላሩን በግርጌ አስቀምጥ። ከዚያ በፊት ግን ስኮላር ላይ ፕሪፕሪንቱና የታተመው ተለያይተው እንደ ሁለት ጽሑፍ አለመቆጠራቸውን እይ፤ ተለያይተው ከሆነ ባለቤቱ ሁለቱን መርጦ ያዋህዳቸው።

ወለቃ፦
ራስን መጥቀስ ሲወጣስ? ያ 7 የሚለው ከአምስት በታች ከወረደና ሌሎቹ ካልተነኩ ኤች 5 ነው የሚሆነው።

ማራኪ ሰፈር (ጠያቂ)፦
አሁን አየሁት፣ ያ 7 የነበረው 4 ሆኗል። ሁለቱንም ኤች ጻፍኩ፤ 6 እና 5።