ካንሰር የነበረባቸው አረጋውያንና የመርሳት በሽታ በጅማ፦ የጋራ ምክረ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪዋ፦
ውድ አባላት፣ ረቂቁ ደርሷችኋል። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ካንሰር ታክመው በሕይወት ያሉ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካንሰር ካልነበረባቸው እኩዮቻቸው ይለያል ወይ? በመግቢያው ላይ «ካንሰር ከአልዛይመር ይከላከላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ አልዛይመር ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት ነው። ምክረ ሐሳቡን ለረጂዎች ከመላካችን በፊት በዚህ ላይ እንነጋገር።

የኅብረተሰብ ጤና መምህሩ፦
ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ላይ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 1,278 ሰዎች በአማካይ ለ10 ዓመታት ተከታትሏል። ካንሰር የነበረባቸው ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ አደጋ በ33 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከጀርባው የሥነ ሕይወት መላምትም አለ፤ በካንሰር መሞት የሚገባቸው ሴሎች አልሞትም ይላሉ፣ በአልዛይመር መኖር የሚገባቸው የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ። ፒን1 የተባለው ፕሮቲን በብዙ የካንሰር ዓይነቶች በዝቶ፣ በአልዛይመር በተጠቃ አንጎል ውስጥ ግን ቀንሶ መገኘቱ ለዚህ ይጠቀሳል።

ይሁን እንጂ ካንሰር የያዘው ሰው መርሳት የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ሊሞት ይችላል፤ የሞተ ሰው ደግሞ በመርሳት በሽተኞች ቁጥር ውስጥ አይገባም። በዚያው ጥናት ከማጨስ ጋር በተያያዘ ካንሰር የነበረባቸው ሰዎች የስትሮክ አደጋቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። አጥኚዎቹ ቀድሞ መሞት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ስትሮክም በቀነሰ ነበር ብለው ይከራከራሉ። ጠንካራ ክርክር ነው፤ ጉዳዩን ግን አልዘጋውም።

ጡረታ የወጡት ነርስ፦
እኔ ዓረፍተ ነገሩ ጨርሶ እንዲወጣ ነው የምጠይቀው። የጡት ካንሰር ታክማ የዳነች እናት መንገድ እየጠፋባት፣ ምድጃ ላይ የጣደችውን እየረሳች ቤተሰቧ «ካንሰር የያዘው ሰው አይረሳም ተብሏል» ብሎ ቢተዋትስ? አሁንም ቢሆን ልጆች ከእርጅና ቆጥረው፣ ባለሙያውም ከመድኃኒቱ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ በካንሰር ታካሚዎች ላይ የመርሳት በሽታ ያነሰ የሚመስለው ስላልተመረመረ ሊሆንም ይችላል።

ሌላው የመለኪያው ጊዜ ነው። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ማስታወስ ያቅተዋል፣ ሐሳቡ ይበተንበታል፤ በብዙዎች ላይ ሕክምናው ሲያበቃ እየተሻለ ይሄዳል። አንጎል ላይ የሚሰጥ ጨረር ግን ለረጅም ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። እነዚህን በአንድ መዝገብ ከቀላቀልን ምንም አናውቅም። ኬሞቴራፒ ካበቃ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ፤ የካንሰሩ ዓይነትና የሕክምናው ዓይነት ለየብቻ ይጻፍ። መርሳት የተገኘበት ሰው ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድባቴ እንዳለበት ይታይ፤ እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ሰውን ስሙን መዝግበን ብቻ የምንሸኝ ከሆነ እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ አልገባም።

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዋ፦
ሲስተር እንዳሉት ይሁን። በመለኪያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጽሕፈትና ንባብ የሚጠይቅ ፈተና ፊደል ያልቆጠሩትን እናቶቻችንን ያለ ጥፋታቸው በሽተኛ ያደርጋቸዋል። በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ የተዘጋጀው አይዲያ የተባለው መመዘኛ ማንበብ አይጠይቅም፤ ቃላትን ሰምቶ ቆይቶ መድገም፣ በአንድ ደቂቃ የእንስሳት ስም መጥራት፣ በክብሪት እንጨት ቅርጽ መሥራት ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተን በጥቂት ሰዎች ላይ እንሞክረው። አብሮ የሚኖር የቤተሰብ አባልም ለብቻው ይጠየቅ።

የዕድር ሰብሳቢው፦
መምህር ስለ ሞቱት ያነሡት ነገር ገብቶኛል። እኛ ዘንድ ማን መቼ እንዳረፈ በዕድር መዝገብ ላይ አለ። በሂርማታም ሆነ በቦሳ ቄጦ ያሉ ዕድሮች ቢጠየቁ እንቢ አይሉም፤ ነገር ግን ሰው ሳይሞት በፊት ፈቃዱን ይጠየቅ፣ መዝገቡም ከዕድሩ ቤት አይውጣ። የሞቱበትን ምክንያት አንጽፍም፤ ይህን ቤተሰብ ነው የሚናገረው።

የኅብረተሰብ ጤና መምህሩ፦
ጋሼ፣ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች ሞት በቀኑ ከተያዘ፣ ሳይረሱ የሞቱትንና በሕይወት እያሉ ያልረሱትን ለይተን ማስላት እንችላለን። ለገጠሩ ክፍል የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግልገል ጊቤ የምርምር ማዕከል ልደትንና ሞትን በየቤቱ ስለሚመዘግብ በደብዳቤ እንጠይቀው። ንጽጽሩ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትምህርት፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና ማጨስ ይካተቱ።

አስተባባሪዋ፦
እንግዲያው መግቢያው እንዲህ ይሁን፦ «በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ካንሰር የነበረባቸው ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ አደጋቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል። ምክንያቱ የበሽታዎቹ ጠባይ ይሁን፣ ቀድሞ መሞት ወይም አለመመርመር ገና አልተለየም። በጅማ ይህን የምናየው የእያንዳንዱን ተሳታፊ ማስታወስ በመጀመሪያ፣ ከዚያም በየዓመቱ በመለካትና የሞቱትን ከዕድሮች ጋር በመመዝገብ ነው።» መርሳት የተገኘባቸውን ወደ ሕክምና የምንልክበት ቅብብሎሽ በበጀቱ ውስጥ የራሱ መደብ ይኑረው። ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳናገኝ ማንንም አንጠይቅም። የአፋን ኦሮሞውን ቅጽ ማን ይይዛል?

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዋ፦
እኔ እይዘዋለሁ። ሲስተር ከእኔ ጋር ሆነው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ጡረታ የወጡት ነርስ፦
እሺ ልጄ። የቅብብሎሹን በጀት ግን መጀመሪያ አሳዩኝ።